ከተለመደው ወጣ ያለ ሲስተም ያለው ስልክ መምረጥ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በአንድሮይድና በአይፎን ብቻ መወሰን ካልፈለጉ አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች እዚህ መልሰናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ አርጅቶብኛል። አዲስ ስገዛ ከተለመደው ወጣ ያለ ነገር ልሞክር ብዬ ማንበብ ብጀምር ስሙ በዛብኝ፤ ግራፊን፣ ሊኔጅ፣ ሴይልፊሽ፣ ኡቡንቱ ተች፣ ሃርመኒ። በምን ይለያያሉ? የትኛውን ስልክ ልግዛ?

መልስ፦ ስልኩን መጨረሻ ላይ ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መልኩንና ካሜራውን አይቶ ይገዛል፤ ከዚያ የሚስማማውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍለጋ ይወጣል፤ ውሎ አድሮ ያ ሞዴል በማንም ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ይደርስበታል። እያንዳንዱ ሲስተም የሚሠራባቸው ሞዴሎች ተለይተው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ በስልክዎ በየቀኑ የሚሠሩትን ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የባንክ መተግበሪያ፣ ጥሪ፣ መልእክት፣ ካርታ፣ በብሉቱዝ የሚገናኝ ሰዓት ካለም እሱን። እነዚያን የሚያሟላውን ሲስተም ይለዩ። ስልኩን ከዚያ ሲስተም ዝርዝር ውስጥ ያወጣሉ።

ስሞቹን ከመሸምደድ ደግሞ በአሠራራቸው መለየቱ ይቀላል።

አንደኛው ወገን ጎግል የተነሳለት አንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ፕሌይ ስቶርና ሌሎቹ የጎግል አገልግሎቶች ከላይ የሚጫኑ ናቸው። ግራፊን ኦኤስ፣ ሊኔጅ ኦኤስ እና ኢ ኦኤስ እዚህ ይመደባሉ። ግራፊን የሚጫነው በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ነው። ከጎግል ለመሸሽ የጎግልን ስልክ መግዛት ግር ማሰኘቱ አይቀርም፤ ግን ምክንያት አለው። ፒክስል ሌላ ሲስተም ከተጫነበት በኋላ በአዲሱ ሲስተም ቁልፍ ተመልሶ ሊቆለፍ ይችላል፤ ከፒክስል 8 ጀምሮ ደግሞ የ7 ዓመት ማሻሻያ ተገብቶለታል። ሊኔጅ ሳያኖጅንሞድ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲቆም የተተካ ነው። ብዙ ዓይነት ስልክ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ ላይ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንዲጀምር የሚፈቅደው ሶፍትዌር፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኢ ኦኤስን የጀመረው ማንድሬክ ሊኑክስን የፈጠረው ፈረንሳዊው ጋኤል ዱቫል ሲሆን የጎግልን አገልግሎት በከፊል የሚተካ ማይክሮጂ የተባለ ሶፍትዌር ይዞ ይመጣል። ሙሬና በሚል ስም አስቀድሞ ተጭኖበት የሚሸጥ ስልክም አለ፤ ራሱ መጫን ለማይፈልግ ሰው ትልቅ እረፍት ነው።

ሁለተኛው ወገን ከላይ ሊኑክስ የተባለው ክፍት ሲስተም ሆኖ ከታች ግን የአንድሮይድን ድራይቨሮች (የስልኩን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱ ሶፍትዌሮች) የሚጠቀም ነው። የፊንላንዱ ዮላ የሚሠራው ሴይልፊሽ እና ኡቡንቱ ተች ዋናዎቹ ናቸው። ኡቡንቱ ተችን የጀመረው ካኖኒካል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲተወው ዩቢፖርትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተረክቦታል። እነዚህ ሲስተሞች ከስልኩ ጋር የመጣውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) እና ድራይቨር ስለሚፈልጉ ሞዴል ይመርጣሉ፤ ሴይልፊሽ ለምሳሌ ለዓመታት የተጣበቀው በሶኒ ኤክስፔሪያ የተወሰኑ ሞዴሎች ላይ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያም በቀጥታ አይሠራባቸውም። ሴይልፊሽ በሚከፈልበት ፈቃድ አፕሰፖርት የሚል ማስኬጃ ይሰጣል፤ ኡቡንቱ ተች ላይ ዌይድሮይድ የሚባል ተመሳሳይ ማስኬጃ ይጫናል።

ሦስተኛው ወገን ከኮምፒውተር ሊኑክስ የማይለይ ነው። ፖስትማርኬትኦኤስ እና ሞቢያን፣ ከስልኮቹም ፓይንፎን እና ሊብረም 5 እዚህ ይገኛሉ። መማሪያና መሞከሪያ ናቸው፤ ከኪስ የማይለይ ብቸኛ ስልክ ለማድረግ ግን ብዙ መታገሥ ይጠይቃሉ።

ከነዚህ ውጪ የሁዋዌው ሃርመኒ አለ። እዚህ ላይ የስሪቱን ቁጥር ልብ ይበሉ። እስከ 4 ድረስ ያሉት ሃርመኒዎች የአንድሮይድ መተግበሪያ ይጭኑ ነበር፤ ሃርመኒ ኦኤስ ኔክስት የሚባለው፣ ማለትም 5ና ከዚያ ወዲህ ያለው፣ የአንድሮይድን ኮድ ጨርሶ ትቷል። ኤፒኬ የተባለውን የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል ቢሰጡት አያውቀውም። ቁልፍ ላላቸው ቀላል ስልኮች የተሠራው ካይ ኦኤስ ደግሞ በ256 ሜጋባይት ራም ይሠራል፤ ለጥሪና ለአጭር መልእክት በቂ ነው። ዋትሳፕ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ከካይ ስቶር እንደ አዲስ አይወርድም፤ ለዚያ ብለው ሊገዙት ከሆነ ይተዉት።

የእኛን ፍርድ ካሉ፣ አንድ ስልክ ብቻ ያለውና ባንኩንም ሥራውንም በሱ የሚያከናውን ሰው ከመጀመሪያው ወገን አይውጣ። ሴይልፊሽና ኡቡንቱ ተች የተለየ አጠቃቀም ለሚወድና ሁለተኛ ስልክ በእጁ ላለው ይመቻሉ።

ጥያቄ፦ የባንኬ መተግበሪያ በሌላ ሲስተም ይሠራል? አንዱ ይሠራል ይለኛል፣ ሌላው ፈጽሞ አይሠራም ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ባንኩ ምን እንደጠየቀ ነው። ጎግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ የሚል የማጣሪያ አገልግሎት ለመተግበሪያ ሠሪዎች ያቀርባል። ሦስት ደረጃ አለው፦ መሠረታዊ፣ የመሣሪያ እና ጠንካራ። የመሣሪያውና የጠንካራው ደረጃ ሲስተሙ በጎግል የተመሰከረለት መሆኑን ይፈልጋሉ። ግራፊን በቁልፍ የታሸገና ጥብቅ ደህንነት ያለው ቢሆንም የጎግል ምስክርነት ስለሌለው መሠረታዊውን ብቻ ያልፋል። ባንክዎ በመሠረታዊው ከረካ መተግበሪያው ይከፈታል፤ ከፍ ያለውን ከጠየቀ ይዘጋብዎታል። ነገሩ የስልኩ ደህንነት ጉዳይ ሳይሆን የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። ባንኩ ቢፈልግ የግራፊንን ቁልፍ ለብቻው አረጋግጦ ሊቀበል የሚችልበት መንገድ አለ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ግራፊን ላይ ሲሞክሩ ሁለት ዓይነት ችግር እንዳለ ይወቁ፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። መተግበሪያው ገና ሲነኩት ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የግራፊን የማህደረ ትውስታ ጥበቃ ያጋለጠው የመተግበሪያው የራሱ ስህተት ነው። ምልክቱን ተጭነው ይያዙ፣ ወደ መተግበሪያው መረጃ ይግቡ፣ የጥበቃ ተኳኋኝነት የሚለውን ማብሪያ ያብሩና እንደገና ይክፈቱት። ብዙዎቹ በዚህ ይስተካከላሉ። መተግበሪያው ደህና ተከፍቶ «መሣሪያዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ግን የማጣሪያው ውሳኔ ነው፤ የትኛውንም ማብሪያ ቢነካኩ ለውጥ የለውም። ስልክ አስጠግቶ መክፈል የሚያስችለው ጎግል ዋሌትም በዚሁ ምክንያት አይሠራም።

ዛሬ የሠራው ነገ በአንድ ማሻሻያ ሊቆም እንደሚችልም ይያዙት። ከመግዛትዎ በፊት ባንክዎ በብሮውዘር የሚሰጠው አገልግሎት እንዳለ፣ ወይም በኮከብና በመሰላል ቁጥር ተደውሎ የሚሠራ መንገድ እንዳለው ያጣሩ። ሌላው አማራጭ አሮጌውን ስልክ ሲም ሳይኖረው ቤት አስቀምጦ በዋይፋይ ለባንክ ብቻ ማዋል ነው፤ የደህንነት ማሻሻያ የሚደርሰው እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል። በሴይልፊሽና በኡቡንቱ ተች ላይ የባንክ መተግበሪያ እንዲሠራ ተስፋ አድርጎ መግዛትን አንመክርም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፒክስል ወይም ሶኒ ላገኝ ነው። ሻጩ ፊት ቆሜ ምን ልይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቡትሎደሩን። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳና የትኛው ሲስተም እንዲጀምር የሚፈቅድ ሶፍትዌር ነው። የማይከፈት ከሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ፒክስል ከሆነ፦ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ይንኩ። የፒን ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል ሻጩ ያስገባ። ከዚያ ሲስተም በሚለው ስር ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚል ይወጣል፤ ውስጡ ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለውን ማብሪያ ያገኛሉ። የሚበራ ከሆነ ጥሩ ነው። ደብዝዞ አልነካ ካለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ስልኩ ኢንተርኔት አላገኘም፤ በቴሌኮም ድርጅት ተቆልፎ የተሸጠ መሆን አለመሆኑን ከኢንተርኔት ስለሚያጣራ ያለ ግንኙነት አይበራም። ስለዚህ ከራስዎ ስልክ ዋይፋይ ያካፍሉትና ትንሽ ይጠብቁ። ከዚያም በኋላ ከደበዘዘ በድርጅት የተቆለፈ ነው፤ ሻጩ «በኋላ ይከፈታል» ቢልዎ አይግዙ። ሲም ካርድ የማይመርጥ ስልክ ሁሉ ቡትሎደሩ ይከፈታል ማለት አይደለም፤ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው።

ሶኒ ከሆነ፦ በመደወያው ላይ *#*#7378423#*#* ይጻፉ፤ መደወል ሳያስፈልግ ሜኑ ይከፈታል። ሰርቪስ ኢንፎ፣ ቀጥሎ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ይግቡና ሩቲንግ ስታተስ የሚለውን ያንብቡ። ቡትሎደር መክፈት ይፈቀዳል በሚለው አንጻር «የስ» ካለ ይሠራል፤ «ኖ» ካለ መፍትሔ የለውም። የመክፈቻው ኮድ በሶኒ ድረ ገጽ ላይ የስልኩን መለያ አይኤምኢአይ ቁጥር አስገብተው የሚያገኙት ነው፤ ቁጥሩ *#06# ሲደወል ይታያል። ሶኒ ሲከፈት የቪዲዮ ጥበቃ ደረጃው ስለሚወርድ አንዳንድ የፊልም አገልግሎቶች በ480ፒ ጥራት ብቻ እንደሚያሳዩ ይጠብቁ።

ሌላው የሞዴል ቁጥር ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ ያለው ፊደልና ቁጥር ከሲስተሙ ዝርዝር ጋር ነጠላ ፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት። አንድ ስም ያላቸው ስልኮች በአንዱ አካባቢ አንድ ቺፕ፣ በሌላው ሌላ ቺፕ ይዘው ሲሸጡ ኖረዋል። በመጨረሻ ሻጩ የጎግል አካውንቱን ራሱ ከስልኩ አውጥቶ ፋብሪካ ሪሴት ያድርግ። አካውንቱ ሳይወጣ በሪከቨሪ (ከሲስተሙ ውጪ በሚከፈተው የጥገና ገጽ) በኩል የተጸዳ ስልክ ሲበራ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል፤ ያኔ ሻጩን ፍለጋ ይጀመራል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ ሁዋዌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመክፈቻ ኮድ አይሰጥም። ሻውሚ የራሱን አካውንትና የጥበቃ ጊዜ ይጠይቃል። ሳምሰንግ በሚከፈቱት ሞዴሎቹ ላይ እንኳ ያልተፈቀደ ሲስተም ሲጫን ኖክስ የሚባለውን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ሲስተም ቢመለሱም ሴኪዩር ፎልደርን የመሳሰሉ አገልግሎቶች አይመለሱም። ፌርፎን ኮዱን በድረ ገጹ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ሲስተም ቀይሬ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ስደውል ግን ወይ ይቋረጣል ወይ ኔትወርክ ይጠፋል። ሲም ካርዱ በሌላ ስልክ ደህና ነው።

መልስ፦ ቮልቲ ነው። በ4ጂ ኔትወርክ ላይ ድምፅ የሚያልፈው እንደ ዳታ ሆኖ ነው፤ ይህ ቮልቲ ይባላል። ስልኩ ቮልቲን ካልቻለ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ድርጅቱ እነዚያን አሮጌ ኔትወርኮች ዘግቶ ከሆነ የሚወርድበት ቦታ ስለሌለ ጥሪው ይሞታል። ለድንገተኛ አደጋ ቁጥር የሚደረገውም ጥሪ አብሮ ሊቀር ስለሚችል ነገሩን አቅልለው አይዩት።

ምርመራው ቀላል ነው። ዳታ አብርተው ይደውሉና ጥሪው ላይ እያሉ ከላይ ያለውን የኔትወርክ ምልክት ይዩ። 4ጂ እንዳለ ከቆየ ቮልቲ እየሠራ ነው። ወደ 3ጂ፣ ኤች ወይም ኢ ከተቀየረ እየሠራ አይደለም፤ ለጊዜው ቢያስደውልዎትም አሮጌው ኔትወርክ ሲዘጋ ያበቃል። በአንድሮይድ ወገን ባሉት ሲስተሞች *#*#4636#*#* ደውለው የስልክ መረጃ ውስጥ የአይኤምኤስን (ቮልቲ የሚያልፍበትን አገልግሎት) ሁኔታ ማየትም ይቻላል፤ «ኖት ሬጂስተርድ» ካለ ችግሩ እዚያ ነው።

የሚከብደው ቮልቲ በሲስተሙ ላይ ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው። የሞደሙ (ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) ሶፍትዌር፣ የሲስተሙ ድጋፍና የቴሌኮም ድርጅቱ ለዚያ ሞዴል ያዘጋጀው ቅንብር ሦስቱም መገናኘት አለባቸው። ለዚህ ነው በኡቡንቱ ተች አንዱ ሞዴል ላይ የሠራው በሌላው የማይሠራው፣ አንዱ ድርጅት ላይ የሠራውም በሌላው የሚቀረው። ስለዚህ አዲስ ሲስተም ከመጫንዎ በፊት የራስዎን ሲም ከዋናው ሲስተም ጋር ያስገቡና ይሞክሩ። በፋብሪካው ሲስተም ላይ ቮልቲ ያልሠራ ስልክ ሌላ ሲስተም ሲጫንበት ይሠራል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ልጭን ስል ኮምፒውተሩ «ስልክ እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ይቆማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መሐል ላይ ይቋረጣል። ስልኬን አበላሸዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ቆሞ መጠበቁ ስልኩን አይጎዳውም። ስልኩ በፋስትቡት (ሲስተም ከኮምፒውተር በሚጫንበት) ገጽ ላይ ቆሞ ኮምፒውተሩ ካላየው ከኬብሉ ይጀምሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግና ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ብዙ ነው፤ ከስልኩ ጋር የመጣው ይሻላል። ኬብሉን በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። ዊንዶውስ ከሆነ የፋስትቡት ድራይቨር ላይኖር ይችላል፤ ስልኩ ፋስትቡት ላይ እንደተሰካ የዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ገብተው በአማራጭ ማሻሻያዎች ውስጥ የአንድሮይድ ቡትሎደር ድራይቨርን ይፈልጉ። ሊኑክስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው በዩኤስቢ የተሰካውን ስልክ ለመጠቀም የሚፈቅደው የዩዴቭ ደንብ ነው።

ግራፊን በብሮውዘር ስለሚጫን የራሱ ጣጣዎች አሉት። ብሮውዘሩ ከክሮሚየም ወገን (እንደ ክሮም ያለ) መሆን አለበት፤ ፋየርፎክስ ድረ ገጽ በዩኤስቢ ከስልክ ጋር እንዲነጋገር የሚያስችለውን ዌብዩኤስቢ ስለማይደግፍ አይሆንም። ድብቅ መስኮት አይጠቀሙ፤ ጊዜያዊ ማከማቻው ስለሚያንስ የወረደው ፋይል መሐል ላይ ይሞላዋል። ስናፕ ወይም ፍላትፓክ በተባሉት የሊኑክስ መጫኛ መንገዶች የተጫነ ብሮውዘርም ያስቸግራል። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ጊጋባይት ነጻ ራምና 32 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይኑር። መሐል ላይ ቢቋረጥ ስልኩን ዳግም ፋስትቡት ላይ አስነስተው ያንኑ ደረጃ ይድገሙት፤ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጫን ግን በፍጹም አይቆልፉት።

ስልክ በእውነት የሚበላሸው እዚህ ቁልፍ ላይ ነው። ፌርፎንን የመሰሉ ስልኮች ላይ ቀድሞ ከነበረው ያነሰ የደህንነት ማሻሻያ ቀን ያለው ሲስተም ጭኖ ቡትሎደሩን መቆለፍ ስልኩን ሊያስቀረው ይችላል። ከመቆለፍዎ በፊት የሁለቱን ቀን ያወዳድሩ፤ በፋስትቡትም «ፍላሺንግ ጌት አንሎክ አቢሊቲ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው መልሱን ይመልከቱ። 1 ካለ ችግር ቢፈጠር እንኳ ዳግም መክፈት ይችላሉ። 0 ካለ አይቆልፉ።

ሌላም አለ። ቡትሎደር መክፈት ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ መቆለፍም እንዲሁ። ሰው ፎቶውንና የስልክ ቁጥሮቹን ያስታውሳል፤ የሚረሳው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣውን መተግበሪያ ነው። እሱ አብሮ ከጠፋ ወደ ኢሜይልዎ መግባትም ይከለከላሉ። አስቀድመው ኮዶቹን ወደ ሌላ ስልክ ያሻግሩ ወይም የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት ይጻፉ። ጎግል ድራይቭ ላይ የተቀመጠ የዋትሳፕ መጠባበቂያም ጎግል በሌለበት ሲስተም ላይ አይመለስም፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን የዋትሳፕ የመጠባበቂያ ፎልደር ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ።

ጥያቄ፦ መልእክት ስልኩን ሳነሳ ነው የሚገባው። ካርታውም ያለሁበትን ለማወቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

መልስ፦ በተለመደው አንድሮይድ ሁሉም መተግበሪያዎች ማሳወቂያ የሚቀበሉት በአንድ የጎግል መስመር ነው። መስመሩ ሲነሳ እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን ግንኙነት ክፍት አድርጎ መያዝ አለበት። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ይህን ያደርጋል፤ ባትሪ ቆጣቢው እንዳይዘጋው ግን በባትሪ ቅንብሩ ውስጥ ገደቡን ያንሱለት። ግራፊን ላይ በሳንድቦክስ (እንደ ተራ መተግበሪያ ታጥሮ) የሚሠራውን የጎግል ፕሌይ ሰርቪስ ከጫኑ ገደቡ መነሳት ያለበት ለሱ ነው። ማይክሮጂ ባለው ሲስተም ደግሞ መጀመሪያ ክላውድ ሜሴጂንግ የሚለውን ያብሩና መተግበሪያዎቹን ከዚያ በኋላ ይጫኑ፤ ቀድመው የተጫኑትን አጥፍቶ መጫን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ኡቡንቱ ተች ከፊትዎ ያልሆነን መተግበሪያ ባለበት ያቆመዋል፤ ያ ብልሽት ሳይሆን ባሕርዩ ነው።

የካርታው ጉዳይ ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይት የራሱን የምሕዋር መረጃ ለማስተላለፍ 30 ሰከንድ ገደማ፣ የሁሉንም ሳተላይቶች ዝርዝር ለማድረስ 12 ተኩል ደቂቃ ይፈጅበታል። ስልኮች ይህን መረጃ ከኢንተርኔት ቀድመው ስለሚያወርዱና በአካባቢው ያሉ ዋይፋዮችንም ስለሚጠቀሙ ነው ወዲያው የሚያገኙት። ሲስተምዎ ይህ እገዛ ከሌለው ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ትንሽ ይጠብቁት። ቤት ውስጥ ሆነው መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ ማንበቡ አያሳስብዎ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ አለ፤ አንድሮይድም ፊደሉን ይዞ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ባዶ ሳጥን ከታየ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚለውን ፎንት መጫን ይበቃል። የሚያስቸግረው ኪቦርዱ ነው። በአንድሮይድ ወገን ያሉት ላይ የለመዱትን ኪቦርድ ይጭናሉ፤ የጎግልን ኪቦርድ ጂቦርድን የሚወድ ሰው ግራፊን ላይ የኔትወርክ ፈቃዱን ከልክሎት ከኢንተርኔት ቆርጦ ሊጠቀምበት ይችላል። ሴይልፊሽ ላይ ግን በአፕሰፖርት ውስጥ የተጫነ የአንድሮይድ ኪቦርድ በሲስተሙ የራሱ መተግበሪያዎች ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሴይልፊሽ፣ ኡቡንቱ ተች ወይም ሌላ ሊኑክስ ከመምረጥዎ በፊት የአማርኛ ኪቦርድ እንዳላቸው ለብቻው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በመሳቢያ ውስጥ ዊንዶውስ ስልክና ብላክቤሪ አሉኝ። ደህና ናቸው፣ ባትሪያቸውም ይይዛል። ላስነሳቸው?

መልስ፦ ለማንቂያ ደወልና ለሙዚቃ ካልሆነ አይሆኑም። የዊንዶውስ 10 ሞባይል ማሻሻያ የቆመው እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 2020 ባለው ጊዜ ነው። የብላክቤሪ የቀድሞ ሲስተሞች አገልግሎት ደግሞ ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ተዘግቷል፤ ጥሪና አጭር መልእክት እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይሠሩ ኩባንያው ራሱ አስጠንቅቆ ነበር። ብሮውዘሮቻቸውም የአሁኑን የድረ ገጽ ምስጠራ ስለማያውቁ ብዙ ገጽ አይከፍቱም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ ሊኑክስ በስልክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ መማር እፈልጋለሁ። ፓይንፎን ይሻለኛል ወይስ ያገለገለ ዋንፕላስ 6?

መልስ፦ ለመማር ከሆነ ፓይንፎን የማይበላሽ ስልክ ነው ማለት ይቻላል። ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው ማይክሮ ኤስዲ ካርዱን ነው፤ ካርዱ ላይ ሲስተም ካለ ከሱ ይነሳል። ሞቢያንን በአንድ ካርድ፣ ፖስትማርኬትኦኤስን በሌላ ጽፎ እየቀያየሩ መሞከር ይቻላል፤ ውስጡ ያለው ሳይነካ ይቆያል። የጀርባ ክዳኑን ሲከፍቱ ባትሪው በእጅ ይወጣል፤ ከጎኑ ስድስት ጥቃቅን ማብሪያዎች ተደርድረዋል፦ ሞደም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ፣ ማይክሮፎን፣ የኋላ ካሜራ፣ የፊት ካሜራ፣ የጆሮ ማዳመጫ። ማይክሮፎኑ አልሠራ ብሎ ሰው ሶፍትዌር ሲፈትሽ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዷ ተዘግታ ስለሆነ ነው። የመጨረሻዋ ስትዘጋ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ የተርሚናል መስመር ይሆናል፤ ስልኩ ሲነሳ የሚጽፈውን ሁሉ በኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም።

ፍጥነት ግን የለውም። ቺፑ ኦልዊነር ኤ64፣ ራሙ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ነው፤ አንድ ከበድ ያለ ድረ ገጽ ሲከፍቱ ይታወቅዎታል። ዋንፕላስ 6 በስናፕድራጎን 845 ስለሚሠራ እጅግ ይፈጥናል፤ ከፖስትማርኬትኦኤስ ጋርም በደንብ ከሚግባቡት ስልኮች አንዱ ነው። ጉድለቱ ሲስተሙ የሚጻፈው ውስጡ ባለው ማከማቻ ላይ መሆኑ ነው፤ ካርድ ማስገቢያ ስለሌለው እንደ ፓይንፎን ቀያይሮ መመለስ የለም። ኮድ እየጻፉ ለመጠቀም ዋንፕላሱን፣ ፈታትቶና ሰባብሮ ለማየት ፓይንፎኑን ይውሰዱ። ፓይንፎኑን ከመረጡ ካርዱን ከታወቀ አምራች ይግዙ፤ ፍጥነት የሌለው ካርድ ቀድሞውንም ቀርፋፋ የሆነውን ስልክ አስቸጋሪ ያደርገዋል፣ ጥፋቱም በሲስተሙ ይላከካል።